የአባቱን ጊታር የያዘ ቀን

መርማሪዋ ስትደርስ ልጁ በቤታቸው ስቱዲዮ ምንጣፍ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። በግራ እጁ ጣቶች ላይ የጊታር ክር መስመር ተቃጥሎ ታትሟል፤ የታችኛው ከንፈሩም ጠቁሯል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ሬጌን ከሂፕ ሆፕ እያዋሃደ ሲጫወት አድማጮቹ «ሞገድ» ይሉታል። አያቱ ባንድ መሪ፣ አባቱ ስመ ጥር ድምፃዊ ነበሩ፤ በዚህ ቤት ዜማ የማታውቀው ድመቷ ብቻ ናት ይባላል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። እሷና ሙዚቃ ሆድና ጀርባ ናቸው፤ ሬጌን ከሰርግ ዘፈን አትለይም። ሰው የሚናገረውን ግን ሳታበጥር አታሳልፍም።

እናትየው በሩ ላይ ጠበቀቻት። የመድረክ ልብስ ሰፊ ናት፤ የጣቶቿ ጫፍ በመርፌ ብዛት ደንድኗል። አላለቀሰችም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ» አለች። «የገደለውን ስታገኚው እንዳታዝኚለት። አርጅቷል፣ ተጸጽቷል ብለሽ እንዳትመጪብኝ።»

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

«ምን መጠርጠር ያስፈልጋል? አጎቱ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሰክሮ እየነዳ ባሌን ገደለብኝ። አንገቱን ደፍቶ እንደመኖር የባሌን ጃኬት ለብሶ፣ የባሌን ጊታር ታቅፎ፣ በባሌ ዘፈን ይጨበጨብለታል። አሁን ደግሞ ልጄን። ይክፈላት።»

«አላዝንለትም» አለች ወንፊት። እንዲህ ያለ ቃል ለማንም አትሰጥም፤ የሴትየዋ ደረቅ ዓይን ግን አሸነፋት።

ውስጥ የፖሊስ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የአንድ ትልቅ አሮጌ አምፕሊፋየር ጀርባ ከፍቶ ጠበቃት። «የመሬት ሽቦው ሆን ተብሎ ተቆርጧል። ኃይል ያለው መስመር ደግሞ ከብረቱ ጋር ተያይዟል። ጊታር ይዞ ማይክሮፎኑን በከንፈሩ የነካ ሰው አለቀለት።»

«ያ ጥግ ያለው ትንሹስ?»

«እሱ ምንም አልሆነም።»

የድምፅ ባለሙያውን አስጠራች። ወዙ ከግንባሩ ይንጠባጠባል።

«ከሞገድ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ወደ ሌላ ስቱዲዮ ሊሄድ ነበር፤ ተናድጄበታለሁ። አልዋሽዎትም።»

«ሽቦ መቀጠል ትችላለህ?»

«በዚህ ቤት የማይችል ማን አለ? እኔን ራሴን ያስተማሩኝ እትዬ ናቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የባንዱን ገመድ የሚጠግኑት እሳቸው ነበሩ።»

«ትልቁ አምፕሊፋየር የማን ነው?»

«የሞገድ አባት ነበር፤ አሁን አጎትየው ነው የሚጠቀምበት። በየዓመቱ፣ አባትየው ባረፉበት በዛሬው ቀን፣ አጎትየው ጃኬቱን ለብሶ፣ ጊታሩን በዚያ አምፕሊፋየር አድርጎ የወንድሙን ዘፈን ይቀዳል። ከእሱ በቀር ያንን ጊታር የሚነካ አልነበረም። ዘንድሮ ግን ለሞገድ ሰጠው። ልጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔ ቤት ተለማመደ፤ በራሱ በትንሹ አምፕሊፋየር።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ወሰደው ወደ ትልቁ?»

«ዛሬም በትንሹ ነበር የተባለው። ሊጀምር ሲል ገመዱን ነቀለና ‹የአባዬ ዘፈን በአባዬ ዕቃ ይሁን› ብሎ ትልቁ ላይ ሰካው።»

አጎትየው ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ።

«ለምን ዘንድሮ ሰጡት?»

«እጄን አያዩትም? ደግሞስ ጊታሩ የልጁ እንጂ የእኔ መቼ ነበር? ትናንት ከሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ ተጫውቼበት ተሰናበትኩት። አምፕሊፋየሩም ደህና ነበር።»

«ልጁ እንደሚጫወት ማን ያውቃል?»

«ሦስታችን። እኔ፣ እህቱና የድምፅ ባለሙያው።»

እህትየው ዓይኗ አብጦ ደረጃው ላይ ተገኘች።

«እናትሽ መቼ መጣች?»

«ጠዋት የአባዬን ጃኬት ሰቅላ ወደ ላይ ወጥታ ነበር። እኛ ሦስታችን ከመቅጃ ክፍሉ መስታወት ወዲህ ቁጭ ብለን ነበር። መብራቱ ድርግም አለ። ገና ሳንጮህ እማዬ ከስፌት ክፍሏ ወርዳለች። አጎቴን አይታ ‹አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?› አለችው። ከዚያ ነው ወደ ውስጥ ያየችው።»

ወንፊት ወደ ስቱዲዮው ተመልሳ ከማንጠልጠያው የአባትየውን ጃኬት አወረደች። ወገቡ ሁለት ጣት ያህል እንዲሰፋ ተደርጓል፤ ስፌቱ አዲስ ነው። ሞገድ ቀጫጫ ነበር፤ ቦርጫም አጎቱ ነው። ያሰበችው ነገር ውሸት በሆነ ብላ ተመኘች።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ከመስታወቱ ወዲህ ሰበሰበቻቸው።

«እሱን ወስደሽ ገላግዪኝ» አለች እናትየው ወደ አጎትየው እየጠቆመች። «ጊታሩን የሰጠው እሱ ነው።»

«ሰጥቷል። ሞገድን መግደል የፈለገ ሰው ግን ወጥመዱን የሚያደርገው ትንሹ ላይ ነበር፤ ልጁ የሚጫወተው በዚያ እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። ሐሳቡን የለወጠው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው፤ ያንን ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የተፈለገው ሞገድ አልነበረም። በትልቁ የሚጫወተው ሰው ነው የተፈለገው።»

አጎትየው ቀና አለ።

«ዛሬ እሳቸው እንደማይጫወቱም ሦስቱ ያውቃሉ። ይጫወታሉ ብሎ ያመነ ሰው በዚህ ቤት አንድ ብቻ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጃኬቱን በእሳቸው ልክ አስፍቶ ስቱዲዮው ውስጥ የሰቀለ፣ ሽቦ መጠገን የሚያውቅ፣ መብራቱ ሲጠፋ ማንም ሳይጮህ የወረደ። ወርዶም ሞቷል ያለውን ሰው ቆሞ ያገኘ።»

«እማዬ?» አለች እህትየው።

እናትየው አልካደችም። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም?»

ወንፊት የድምፅ ባለሙያውን አየችው። መቅጃው ጠዋት ክፍት ነበር። አንዲት ቁልፍ ተጫነ። የሞገድ ድምፅ፣ እየሳቀ፣ ክፍሉን ሞላው።

«እማዬ፣ አትንገሯት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ላስደንቅሽ ብዬ ነው። ከእንግዲህ አጎቴን ባየሽ ቁጥር አትቃጠዪ። ጊታሩ ቤቱ ገብቷል።» ጊታሩ አንዴ ተመታ። ከዚያ ዝም አለ።

እህትየው መሬት ላይ ተቀመጠች። አጎትየው «እኔን ብትገድዪኝ ኖሮ አልቀየምሽም ነበር» አለ በቀስታ።

«አንተን ይቅር በለኝ ያለህ ማን ነው?» አለችው። እስካሁንም ትጠላዋለች። ከዚያ ወደ ወንፊት ዞራ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«ጠዋት ቃል ገብተሽልኛል፣ ልጄ። ለገደለው እንዳታዝኚ።»

ወንፊት ካቴናውን አወጣች። ቃሏን ግን መጠበቅ አልቻለችም።