የራንቬይግ ባሮሜትር

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ቦታው በርገን ወደብ። ሰዓቱ ቀትር፣ ልክ ስድስት ሰዓት። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ በርገን ላይ ዝናብ ያልጣለበት ቀን ደግሞ እንደ በዓል ነው የሚቆጠረው።

ቱሩን እባላለሁ። የወደቡ የአየር ጠባይ ሠራተኛ ነኝ። ጭነት መርከቦች ላይ እየወጣሁ የአየር ግፊት መለኪያቸውን፣ ባሮሜትራቸውን፣ ከራሴ መሣሪያ ጋር አስተያያለሁ። መርከበኞቹ ከባሕር ላይ የአየሩን ሁኔታ ይልኩልናል፤ መሣሪያቸው ከዋሸ እኛም ዋሸን ማለት ነው።

ያን ቀን ተራው የራንቬይግ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ኤይቪንድ የሚሠራባት መርከብ። እናታችን ስትሞት ገና ሕፃን ነበር፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም።

ማዘዣ ክፍሉ ውስጥ፣ ባሮሜትሩ ሥር ቆሞ አገኘሁት። ፀጉሩ እርጥብ ነው።

«ምነው፣ ዋኝተህ መጣህ እንዴ?»

«ባለፈው ሳምንት ማዕበል ጠርጎኝ ነበር እኮ፣ እታለም። ይኸው እስካሁን አልደረቅሁም» ብሎ ሳቀ።

«እና እንዴት ወጣህ?»

«እንጃ... ብቻ ራሴን እዚህ ቆሜ አገኘሁት።»

ቀልዱን መስሎኝ አለፍኩት።

መሣሪያዬን በሩ ጋ አየሁት። 1021። የሰላም ቀን ቁጥር። የመርከቧ ግን... 962 ይላል። ቁጥሩ እንዲህ የሚወርደው መርከብ የሚውጥ ማዕበል ሲመጣ ነው።

እንደ ልማዳችን መስታወቱን በጣቴ ሁለቴ መታሁት። መርፌው ተይዞ ከሆነ ይለቀቅ ብዬ።

ቋ... ቋ።

መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ግን ከሆነ ቦታ መልስ መጣ።

ቋ... ቋ።

«ሰማህ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

የራሴን መሣሪያ አጠገቡ አመጣሁት። መርፌው ዓይኔ እያየ ወረደ... 962። ወደ በሩ ወሰድኩት፤ 1021። መለስኩት፤ 962። ኤይቪንድ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ፈገግ ብሎ ያየኛል።

«የአየሯ ሴትዮ!» አለ ካፒቴን ኦስሙንድ ከመሪው በኩል። «ከዕቃዬ ጋር ድብብቆሽ ያዝሽ እንዴ?»

አልሳቅሁም። ባሮሜትሩ የተሰቀለበት ግድግዳ ነው፣ አልኩ በልቤ። ይህች መርከብ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ወንድሜን ይዛ ልትወጣ ነው።

መርከብ የማስቆም ሥልጣን የለኝም። ወንድሜን ግን...

«ኤይቪንድ፣ ዛሬ አትሂድ» አልኩት።

«እሺ።»

በቃ፣ እሺ። ያ በትኩሳት እየነደደ እንኳ «ከባሕሬ አልቀርም» የሚለው ልጅ!

«ውሰጂውና አስተኚው» አለኝ ካፒቴኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰሞኑን እህል አልቀመሰም። ምትክ አላጣም።»

መሣሪያዬን ሣጥኑ ውስጥ ከትቼ፣ የወንድሜን እጅ ይዤ ወረድኩ። እጁ በረዶ ነው። እኔ ግን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ካፖርቱን እንኳ ትቶ መውጣቱን ያስተዋልኩት ቤት ስንደርስ ነው።

የሚወደውን የበግና የጥቅል ጎመን ወጥ አቀረብኩለት። አልነካውም።

አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። ካፒቴን ኦስሙንድ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ እጅሽ መድኃኒት ነው! ባሮሜትሩ እናንተ ከመውረዳችሁ ተስተካከለ። ምን አደረግሽው?»

«ምንም... ምንም አላደረግሁም» አልኩ።

ስልኩን ዘጋሁት።

ግድግዳው አልነበረም።

ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ሣጥኑ ፊቱ አለ። ከፈትኩት።

962።

ጣቴ ልማዱን አልረሳም። መስታወቱን ሁለቴ መታሁት።

ቋ... ቋ።

መልሱ ከወንድሜ ደረት ውስጥ መጣ።

ቋ... ቋ።

«እታለም» አለኝ ሳይዞር፣ «በርዶኛል።»

መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ብርድ ልብስ አምጥቼ ትከሻው ላይ ደረብኩለት። ምን ላድርግ... ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

ያኔ እግሬን ቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ከወንበሩ ሥር የባሕር ውሃ በቀስታ እየፈሰሰ ነበር... ከውሃው ጋር አንዲት ትንሽ ዓሣ፣ በሕይወት እየተፈራገጠች።