ያልሞተ ሰው ለቅሶ

«ቴምዋ ዛሬም የለችም?» አሉ ማዳም ቺራምቦ፣ ከስም መጥሪያው ላይ ቀና ሳይሉ።

ቴምዋ ከቀረች አራተኛ ቀኗ ነበር። እስካሁን ስሟ በተጠራ ቁጥር ሉሱንጉ ከኋላ ሆና «አሟታል» ትላለች፤ ስሙም ይታለፋል። ዛሬ ግን ማዳም እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው በዴስኮቹ መካከል መጡና አጠገቧ ቆሙ። ርዕሰ መምህርት ቢሆኑም የፎርም ሦስትን ባዮሎጂ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው።

«ቤት ደኅና ናቸው?»

ሉሱንጉ ተነሥታ ቆመች። እውነቱን እንዳትናገር ለቴምዋ ምላለች። አዲስ ውሸት ደግሞ አልመጣላትም። ዐይኗን ወለሉ ላይ ጣለች፤ ዝምታዋ በረዘመ ቁጥር እንባዋ እየቀረበ መጣ።

«አያቷ ናቸው?» አሉ ማዳም።

ሉሱንጉ ደነገጠች። ነገሩን ያወቁ መሰላት። ማን ነገራቸው ብላ እንኳ ሳታስብ፣ አራት ቀን የተሸከመችው ሸክም የተነሣላት ያህል ቀለላትና ራሷን ነቀነቀች።

ማዳም መነጽራቸውን አወለቁ። «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ።

በዚያ አገር መርዶ በአፍ አይነገርም። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ከታላቅ ፊት ይቆማል፣ ዐይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ ቃሉን የሚያወጣው ሰሚው ነው። ሉሱንጉ ሳታውቀው ልክ እንደ መርዶ ነጋሪ ቆማ ነበር። «አይ፣ ማዳም» ልትል አፏን ስትከፍት ከፊት ያሉት ሴቶች ልጆች ማልቀስ ጀምረዋል። የቴምዋ አያት ጎጎ ኛዚምባ በመንደሩ አዋላጅ ነበሩ። ከዚያ ክፍል ግማሹ በእሳቸው እጅ ነው የተወለደው። ሉሱንጉ አፏን መልሳ ዘጋች።

የካሉንዲ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠና አራት ተማሪዎች አሉት። የእግር ኳስ ቡድኑ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ስለሚጎድለው የሒሳብ አስተማሪውና ዘበኛው ይሰለፋሉ። አንድ ልጅ ሲስቅ ለምን እንደሳቀ ማታ እናቱ ትሰማለች። ሐዘን ሲመጣ ደግሞ የአንዱ ሐዘን የዘጠና አራቱም ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ እንጨትና አንድ ሳህን የበቆሎ ዱቄት ይዞ፣ ተሰልፎ፣ እየዘመረ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል። እንጨቱ ለለቀስተኛው ንሲማ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ ማብሰያ፣ ዱቄቱም ለዚያው ነው። እኩለ ቀን ላይ በደወሉ ሥር የተነገረውም ይኸው ነበር። ነገ ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ቴምዋ ቤት ይኬዳል፤ ዱቄቱን የምትሰበስበው ሉሱንጉ ናት።

ከትምህርት በኋላ ሉሱንጉ ጫማዋን በእጇ ይዛ በጭቃው ላይ ሮጠች። ቴምዋ ከደጃፍ ላይ ለውዝ አስጥታ፣ አንድ ዐይኗን አያቷ ላይ አድርጋ ልብስ ታጥባለች። ጎጎ ኛዚምባ በግድግዳው ጥላ ተቀምጠዋል፤ እንደ ሽርጥ ወገባቸው ላይ ያገለደሙት ቺቴንጄ ጨርቅ ንጹሕ ነው፣ ፀጉራቸው ተሠርቷል።

ሉሱንጉ የሆነውን ስትናገር ቴምዋ ልብሱን ውኃው ውስጥ ለቀቀችው።

«ምን ብለሽ ነገርሻቸው?»

«ምንም። ዝም ነው ያልኩት።»

«ጎበዝ። ዝም ብለሽ አያቴን ገደልሽ።»

ሁለቱም ለቅጽበት ሊስቁ ደረሱ። ከዚያ ቴምዋ ዞር ብላ አያቷን አየችና ፊቷ ተለወጠ።

ጎጎ መርሳት የጀመሩት ከገና በኋላ ነው። መጀመሪያ የተጣደ ድስት፣ ቀጥሎ የቀኑን ስም፣ ከዚያ ሰው። ይህ ባልከፋ። ነገር ግን ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ከቤት ይወጣሉ፤ የሰው በር ያንኳኳሉ፤ «ምጥ የያዛት የታለች?» ይላሉ። ያዋለዷቸው ልጆች ዛሬ ጢም አውጥተዋል። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ሕፃን የታመመበት ቤት ግድግዳ ሥር ቆመው ተገኙ። በማግስቱ ውኃ ጉድጓዱ ዘንድ ሴቶቹ ቴምዋን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋረጡ። አሮጊት ሴት በጨለማ የሰው ቤት ግድግዳ ሥር ምን ትሠራለች? ጠንቋይ ካልሆነች በቀር? አምና ከወንዙ ማዶ እንዲህ የተባለባቸውን ሴት ቤት ጎረምሶች አቃጥለውታል። ቴምዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአያቷ አጠገብ አልራቀችም። እናቷ ሞታለች፤ ሌላ የሚጠብቃቸው ሰው የለም።

«ስሚ» አለች ቴምዋ። «ነገ ጠዋት፣ የሞተችው ምዙዙ ከተማ ያለችው አክስቷ ናት በያቸው። ጎጎን ጓዳ አስገብቼ እዘጋለሁ። ይዘምራሉ፣ ትንሽ ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አለቀ።»

«ከጓዳ ቢጣሩስ?»

«አይጣሩም። እኔ አውቃለሁ። ብቻ አንቺ እንዳትዘባርቂ።»

ሉሱንጉ እሺ አለች። ልትሰናበት በደንቡ ተንበርክካ እጇን ስትዘረጋ ጎጎ ያዙት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ስሟን አላወቁትም። የማን ልጅ እንደሆነችም ጠየቁና መልሱን አልያዙትም። ቀጥለው ግን ፊታቸው በራ።

«አንቺ በእግርሽ የመጣሽው አይደለሽም?» አሉ። «እናትሽን እስከ እኩለ ቀን አደከምሻት። እኔንም።»

እውነት ነው። ከራሷ ይልቅ እግሯ ቀድሞ መወለዷን እናቷ ሁልጊዜ ትናገራለች።

በማግስቱ ጠዋት ዝናብ አባርቶ ነበር። ልጆቹ እንጨታቸውን በትከሻ፣ ሳህናቸውን በራስ ላይ አድርገው መጡ። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር አንዱ ልጅ ይህ እሳት አይይዝም፣ ጎጎን ጭስ ነው የምናለብሳቸው ብሎ ቀለደ፤ ሌሎቹ ተቆጡት። ሉሱንጉ ከቢሮው በረንዳ ላይ ጆንያ ዘርግታ ዱቄቱን ትቀበላለች። በልቧ «ምዙዙ ያለችው አክስቷ፣ ምዙዙ ያለችው አክስቷ» እያለች ትለማመዳለች። ለማዳም መናገር ነበረባት፤ ግን «ትንሽ ልቆይ፣ አንድ አምስት ሰው ልቀበልና» እያለች ሃያ ደረሰች።

የካቲት ነበር። አዲሱ በቆሎ ገና እሸት አልሆነም፤ ያምናው ከብዙ ቤት አልቋል። በቀን አንድ ጊዜ የሚበላበት ቤት ማን ማን እንደሆነ ተማሪው ሁሉ ያውቃል፤ አይነገርም እንጂ። ሳህኖቹ እንደ ወትሮው ሙሉ አልነበሩም። ባዶ እጁን የመጣ ግን የለም።

ሶማ የምትባለው የፎርም አንድ ተማሪ ከሁሉም በኋላ መጣች። ሳህኗ ላይ ያለው ዱቄት ከግማሽ በታች ነው፤ ብዙ እንዲመስል አንድ ሰው በእጁ ጀርባ አስተካክሎ ዘርግቶታል። የጣቶቹ ምልክት ይታያል።

«እናቴ አፍራለች» አለች ሶማ ቀስ ብላ። «ግን ሁላችንንም ያዋለዱን እሳቸው ናቸው፤ እንዴት ዝም እንላለን አለች።»

ሉሱንጉ ሳህኑን ተቀበለች። ወደ ጆንያው ግን አልገለበጠችውም። እንደያዘችው ዞረችና ቢሮ ገባች።

ማዳም ቺራምቦ ፈተና ያርሙ ነበር። ሉሱንጉ ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ መርሳቱን፣ በር ማንኳኳቱን፣ ጉድጓዱ ዘንድ የተቋረጠውን ወሬ፣ የምዙዙዋን አክስት ሳይቀር። መሐላዋንም ተናገረች። ስትጨርስ ሳህኑ አሁንም እጇ ላይ ነበር። ማዳም ተነሥተው ወሰዱላትና ጠረጴዛው ላይ፣ በፈተና ወረቀቶቹ መካከል አስቀመጡት።

«ማን ያውቃል?»

«እኔና ቴምዋ። አሁን ደግሞ እርስዎ።»

ማዳም እስክሪብቷቸውን ከደኑ። ከዚያ ጥፋቱ የእሳቸውም እንደሆነ ተናገሩ፤ ልጅ ዝም ስትል ጠይቆ ማጣራት ሲገባ ራሳቸው ሞልተውታል። «ለተማሪው እኔ ልንገርልሽ» አሉ።

ሉሱንጉ በክፍል ውስጥ እጅ የማታወጣ ልጅ ናት። ዘጠና አራት ሰው ፊት ቆማ ተናግራም አታውቅም። ነገር ግን ማዳም ቢናገሩ ሁሉም «የተደበቀ ነገር አለ» ብሎ ፍለጋ ይጀምራል። እሷ ከተናገረች የሚስቁት በእሷ ነው።

«እኔው እናገራለሁ» አለች።

ደወሉ ተደወለ። ተሰለፉ። ሉሱንጉ ደረጃው ላይ ወጥታ እጆቿን ከኋላዋ ያዘች።

«ጎጎ ኛዚምባ አልሞቱም» አለች። «ማንም አልሞተም። ትናንት ማዳም ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። የተማሪዎቹ አለቃ ዎንጋኒ ግን አልሳቀም፤ ጉቶ የሚያህል እንጨት ተሸክሞ ስድስት ኪሎ ሜትር የመጣ ልጅ ነው።

«ታዲያ ቴምዋ የት ናት?» አለ።

«እሱን ከፈለገች ራሷ ትነግርሃለች።»

«ምን አባቷን ሆነች ነው የምልሽ?»

«ሰማሁህ» አለች ሉሱንጉ። «አልነግርህም።»

ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ስሟ «መርዶ» ሆነ። በእረፍት ሰዓት ልጆች ከፊቷ እየቆሙ ዐይናቸውን መሬት ላይ ይተክሉና ይስቃሉ። እንጨቱን ወደ ቤት የመለሰ አልነበረም፤ ለለቅሶ የወጣ እንጨት ወደ ቤት አይገባም እያሉ ወጥ ቤቱ ጎን ከመሩት። ስለ ዱቄቱ ማዳም የፈለገ ይውሰድ አሉ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። በኋላ ሉሱንጉ ሶማን ከመጸዳጃው ጀርባ ጠብቃ ሳህኗን እንዳለ ሰጠቻት። ሶማ ግራ ቀኝ አየችና በመጎናጸፊያዋ ሸፍና ሄደች።

ቅዳሜ ማዳም ቺራምቦና ሉሱንጉ ቴምዋ ቤት ሄዱ። ቴምዋ ማዳምን ሰላም ብላ ምንጣፍ ዘረጋች፤ ሉሱንጉን ግን አላየቻትም፤ ደጃፉ ላይ የሌለች ያህል አለፈቻት።

«ምለሽልኝ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

«አዎ» አለች ሉሱንጉ።

ጎጎ ማዳምን ሲያዩ ተቆጡ። «የት ቆይተሽ ነው? ሰማዩ እየጠቆረ ለውዙን አታስገቢም?» ቴምዋ ፊቷን ሸፈነች። ማዳም ለጎጎ የሞተችው የቴምዋ እናት መስለዋቸው ነበር። ማዳም ቺራምቦ ቦርሳቸውን አስቀመጡ፤ «እሺ፣ እማማ፣ ይቅርታ» አሉና ጎንበስ ብለው ለውዙን ወደ ቅርጫቱ ማፈስ ጀመሩ። ሉሱንጉም አጠገባቸው ተንበረከከች። ሰማዩ አልጠቆረም፤ ግን ሁሉንም አስገቡ።

ማዳም የመጡበትን የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው። ለተማሪዎቹ ገንፎ የሚያበስሉት ሁለት ሴቶች ለውዝ የሚፈለፍልላቸው ሰው የላቸውም። ጎጎ ቀን ቀን እዚያ፣ ወጥ ቤቱ ጎን ካለው ዛፍ ሥር ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ሴቶቹ ያዩአቸዋል፤ ቴምዋም ከክፍል ሆና በመስኮት ታያቸዋለች።

«ሰው ሁሉ ያያቸዋል» አለች ቴምዋ።

«ይዩዋቸው። በቀን ለውዝ ሲፈለፍሉ ያያቸው ልጅ፣ ማታ እቤቱ ሲወራባቸው ምን ብሎ እንደሚመልስ ያውቃል።»

ቴምዋ እሺም እምቢም አላለችም። ሲመለሱ ከደጃፍ አልሸኘቻቸውም።

ሰኞ ጠዋት ሉሱንጉ ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድማ ወጣች። የቴምዋ ቤት ከመንገዷ ውጭ ነው። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ አላንኳኳችም። ከደጃፉ ራቅ ብላ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያው ደወል እስኪደወል ልትጠብቅ፣ ካልወጡም ነገ ተመልሳ ልትመጣ ወሰነች።

ከደወሉ በፊት ወጡ። ቴምዋ ዩኒፎርሟን ለብሳለች፤ ጎጎ አዲሱን ቺቴንጄ ታጥቀዋል። ሉሱንጉ ተነሥታ በጎጎ በሌላኛው ጎን ሆነች። ጭቃው ያንሸራትት ስለነበር አንድ አንድ ክንዳቸውን ያዙ። በመንገድ ላይ ጎጎ የማን ቤት የት እንደሆነና እዚያ ማን እንደተወለደ ይቆጥሩ ነበር። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ዎንጋኒ አያቸውና ኮፍያውን አወለቀ። «አንተ ትልቅ ራስ ነበረህ» አሉት ጎጎ። ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ።

ቴምዋ ሉሱንጉን ያናገረቻት ግን ሐሙስ ነው። በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ወደ እሷ ዞረችና «ላጲስ አለሽ?» አለቻት። ሉሱንጉ ሰጠቻት።