ፀሐይ ላይ የተሰጣው ዘር

እጇ ታስሮ ጭነት መኪና ላይ የወጣች ሴት ራሷን ትታ ስለ ቡና ዘር ለምን ትጮኻለች? የፖሊስ መርማሪው የመቶ አለቃ ኩመራ በዚያ የኅዳር 1969 ጠዋት ከመቱ ዳር ካለው የቡና ምርምር ጣቢያ ሲደርስ መልሱን አያውቅም ነበር።

«ማሎ ጌታዬ! እኔን ተዉኝ፤ ዘሩን ከፀሐይ አንሡት!»

ጯኺዋ የችግኝ ሠራተኛዋ ኡርጌ ናት። አለቃዋ ሸዋንግዛው ዘር ከተሰጣበት የሽቦ አልጋ ሥር ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ተገኝቷል። ቀድማ ያየችው እሷ ነበረች።

«ዘር ሲያሰጣ ነው የተገደለው» አለ ያሳሰራት የቀበሌው ካድሬ። «ሌላው ሁሉ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች። አሻጥር ነው!»

«እስከ ስድስት ሰዓት እዚህ ትቆይልኝ» አለ ኩመራ።

«አይሆንም፤ ጎሬ ትሄዳለች። ዛሬውኑ ይወሰንባታል። ማስረጃ ካገኘህ በሬዲዮ ላክ።»

መኪናው ሄደ።

ከስድስት ዓመት በፊት ይህ ሰፈር ጫካ ነበር። የቡናን ፍሬ ገና በዛፉ ላይ የሚያጠቁር በሽታ አገሩን ሲያዳርስ፣ በሽታውን የሚቋቋም ዘር የሚመርጥ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ከአጥሩ ውጭም ስልሳ ቤት ተሠራ። የሰፈሩ ሰው በየጓሮው ለጣቢያው ችግኝ ያፈላል። ኩመራ ግን ወጣትነቱን በሩቅ አገር ትምህርት የጨረሰ ነውና፣ ስለ ቡና የሚያውቀው ሲኒ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።

ከስብሰባ የተመለሱትን አንድ በአንድ ጠየቀ። ምግብ ሻጯ ሙላቷ ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ ሙላቷ፣ ሟቹን መቼ አዩት?»

«ትናንት ምሳ ሲበላ። ለራት ሳይመጣ ቀረ፤ ሽሮው ቀዘቀዘ። አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም እኮ!»

ሙሐዲን የችግኝ ላስቲክ የሚሸጥ ባለሱቅ ነው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተህ ነበር አሉ።»

«ላስቲክህ ውኃ አያሳልፍም ብሎኝ ነዋ! በዚህ ሰው የሚገደል ቢሆን ሱቄ ደጃፍ ሬሳ አይጠፋም ነበር።»

መጋዘን ጠባቂው ምንዳዬ ከጎሬ ቡና ነጋዴዎች ዘንድ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው።

«የዘር አያያዝ ተምረሃል?»

«ሃያ ዓመት ቡና ይዣለሁ ጌታዬ። ቡና ቡና ነው።»

ኩመራ መጋዘኑን ከፈተ፤ ሻጋታ ሸተተው። ከሽቦ አልጋው አጠገብ ባለው የሣር ክዳን ዳስ ወለል ላይ ደግሞ አዲስ አፈር ተበትኗል። በጫማው ጫፍ ሲገልጠው ከሥሩ የደረቀ ደም ወጣ።

አምስት ሰዓት ላይ ሦስቱንም አልጋው ዘንድ ሰበሰባቸው።

«ዘሩ እንዳይበላሽ አስተካክሉልኝ» አለ።

ሙላቷና ሙሐዲን ምንም ሳይነጋገሩ አልጋውን በሁለት ጫፍ አንሥተው ወደ ዳሱ ጥላ አመሩ።

«ቆይ እንጂ፣ መች ደረቀና!» ምንዳዬ አስቆማቸውና ፍሬውን በመዳፉ ያገላብጥ ጀመር።

ሙላቷ ጮኸች፦ «ዘር ፀሐይ ላይ ይሞታል! ሕፃን የሚያውቀውን!»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል» አለ ኩመራ። «ሸዋንግዛው ይህን ዘር ፀሐይ ላይ አያሰጣም፤ ኡርጌም እንዲሁ። ያሰጣው ለገበያ የሚሸጥ ቡና ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ግድያው ዛሬ ጠዋት እንዲመስል ጎሕ ሲቀድ አልጋውንም ሬሳውንም ከዳሱ አወጣ፤ ከዚያ ስብሰባ ሄዶ ተቀመጠ። ደሙ ግን ዳሱ ውስጥ ነው፤ ሟቹም ራቱን አልበላም። የሞተው ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። መጋዘን ያሉትን የዘር ጆንያዎች እንደ ገበያ ቡና ከምረህ አሻገትካቸው፤ እሱም ደረሰብህ። አይደለም ምንዳዬ?»

ምንዳዬ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «የተረፈውን ዘር ዳስ ውስጥ እያናፈሰ፣ ነገ ሪፖርት አደርጋለሁ አለኝ። አሻጥረኛ ተብዬ ልረሸን ነው ብዬ ገፈተርኩት... ድንጋይ ላይ ወደቀ።»

«እሷ በአንተ ፋንታ ትረሸን?»



ኩመራ ወደ ሬዲዮው ሮጠ። «ገዳዩ ተይዟል። ኡርጌ ንጹሕ ናት። ውሳኔው ይቁም። መድረሱን አሳውቁ።» የጣቢያው ሬዲዮ ኦፕሬተር ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ላከው። የጎሬን መልስ እየጠበቁ እስኪመሽ ድረስ ከሬዲዮው አጠገብ ተቀመጡ።

በሦስተኛው ቀን ኩመራ ሙላቷን ያንኑ ዘር በኡርጌ የችግኝ መደብ ላይ ዘርታ ስታጠጣ አገኛት።

«ይበቅላል?»

«እንጃ ልጄ። ከጎሬስ ምን አሉ?»

ኩመራ ወደ ሬዲዮው ተመልሶ ያንኑ መልእክት ለአራተኛ ጊዜ ላከ። መልስ አልመጣም።