የጋሼ ደምሴ የእሑድ ጥሪ

ጋሼ ደምሴ ሰኞ ጧት የመኪና መሪ ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። መኪናዋ የእሳቸው አልነበረችም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ከባድ መኪና በጣርማ በር ሲያወጡና ሲያወርዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የቀራቸው መንጃ ፈቃድና አንዲት ታናሽ እህት ብቻ ነው። ነጯ ኮሮላ የናጅዋ ናት። ናጅዋ ነርስ ናት፤ በኮንትራት ጅቡቲ ሄዳለች። እስክትመለስ ግቢዋንም መኪናዋንም የሚጠብቁላት ጋሼ ደምሴ ነበሩ።

አስከሬኑን ያገኙት እህታቸው እትዬ እቴነሽ ናቸው። የጋራዡ የቆርቆሮ በር ተዘግቶ ነበር። ሲከፍቱት የታፈነ የጭስ ሽታ ተቀበላቸው። ሞተሩ ቤንዚኑን ጨርሶ ጠፍቷል፤ ቁልፉ ግን እንደተከፈተ ነው፤ ስልካቸውም ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ሸዋ ሮቢት ለመፍረድ አልዘገየችም። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፤ በባዶ ግቢ ከሰው መኪና ጋር የሚኖር ሽማግሌ! ብቸኝነቱ መሮት በጭስ ራሱን አጠፋ ተባለ። ትናንት «እንዴት አደሩ» ለማለት ጊዜ ያልነበረው ሁሉ፣ ዛሬ ስለ ብቸኝነታቸው የሚያወራበት ጊዜ አላጣም። ወሬው ቤተ ክርስቲያንም ደረሰ። አስተዳዳሪው ለእትዬ እቴነሽ ቁርጡን ነገሯቸው፤ ፖሊስ ሌላ ነገር ካላገኘ በቀር ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም።

እትዬ እቴነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፖሊስ ጣቢያ ገቡ። ዓይናቸው ደረቅ ነበር።

ኢንስፔክተር ዓለምፀሐይ ወደ ከተማው ተዛውራ ከመጣች ጀምሮ በአንድ ምግብ ቤት፣ በአንድ ጥግ፣ ብቻዋን የምትበላ ሴት ናት። ብቸኛ ሰው የሚያደርገውንና የማያደርገውን ከመጽሐፍ አልተማረችውም። ወንበር ስባ ሰጠቻቸው።

«ወንድሜ ራሱን አላጠፋም» አሉ እትዬ እቴነሽ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያገኟቸው መቼ ነው?»

«ቅዳሜ። ካፖርት አምጪልኝ ብሎኝ ወሰድኩለት።»

«በዚህ ሙቀት ካፖርት?»

«ሰኞ መኪናዋን ለዓመታዊ ምርመራ ደብረ ብርሃን ሊያወጣት ነበር። ‹ቆላ ለምዶብኛል፣ ብርዱ አጥንቴን ይሰብረዋል› አለኝ።»

ኢንስፔክተሯ ብድግ አለች። ለሰኞ ብርድ ቅዳሜ ካፖርት የሚያስመጣ ሰው እሑድ ለመሞት አይቀመጥም።

ሐኪሙ ብዙ አልረዳትም። የገደላቸው ጭስ ነው፤ ማጅራታቸው ላይ እብጠት አለ፤ በዚህ ሙቀት ግን የሞቱበትን ሰዓት መናገር አይቻልም አላት።

ወደ ጋራዡ ሄደች። መኪናዋ ለሠርግ የተዘጋጀች ትመስላለች። ጎማዎቹ ተነፍተዋል፣ መስተዋቱ ተወልውሏል፣ ከወንበሩ ሥር አዲስ እሳት ማጥፊያ አለ። ኮፈኑን ስታነሳ ሞተሩ በዘይትና በአቧራ ተለስኗል። የሞተር ቁጥሩ የተቀረጸበት ቦታ ብቻ ተፍቆ ጠርቷል። ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያየችው። አልገጠመም። የናጅዋ መኪና በሰው ሞተር ቆማለች ማለት ነው።

መካኒኩን ፈይሰልን አስጠራችው። ዘይት የሚቀይረው እሱ ስለሆነ ጥርጣሬው መጀመሪያ ወደ እሱ ነበር። እሱም አውቆታል መሰል፣ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ ፈራ ተባ ይላል።

«ይህ ሞተር የማን ነው?»

«ወላሂ አላውቅም! ዘይት ስቀይር ቁጥር አላይም። ድምፁ እንደተበላሸ ግን ጋሼ ራሳቸው ነግረውኛል። ‹በሳምንት አንዴ ብቻ ስለማስነሳት እኔ ነኝ ያበላሸኋት› እያሉ ይቆጩ ነበር።»

«ቁጥሩን ማን ፋቀው?»

«እሳቸው ናቸው። ምርመራ ላይ ቁጥር ስለሚታይ ቅዳሜ የሽቦ ብሩሽ ከኔ ወሰዱ። ሲመልሱልኝ ፊታቸው ጠቁሯል። ‹ምነው ጋሼ?› ብላቸው፣ ‹ሰውየውን ሳይጠይቁ ስሙን ማንሳት ነውር ነው› ብለውኝ ሄዱ።»

ዓለምፀሐይ ተነፈሰች። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ሌባውን እንኳ ከማማት በፊት ፊት ለፊት ይጠይቀዋል። ጨዋነት ነው፤ ዋጋው ግን ከበዳቸው።

አጥር ለአጥር የሚኖሩት የናጅዋ አክስት ሙሀባ ናቸው። ‹ቆሞ ከሚበሰብስ ይሸጥ› እያሉ በመኪናዋ የተነሳ ከጋሼ ደምሴ ጋር ተኳርፈው እንደነበር አልደበቁም።

«እሑድ ሞተሩን ሰምተዋል?»

«ጧት ነዋ! ጉር… ጉር… ሲል ቆየ። ገርሞኛል፤ እሑድ እሑድ የሚያስነሱት ከሰዓት በኋላ፣ ዐስር ሶላት ካለቀ ነበር። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር ሳይደርስ ጠፋ።»

«ከሰዓት በኋላስ?»

«ከሰዓት በኋላ እዚሁ አጥር ሥር ማሾ ስለቅም ዋልኩ። ጭጭ ነው። አላህ ይማረኝ፣ ኩርፊያው ይዞኝ ‹ምነው ዝም አሉ?› ብዬ እንኳ ብቅ አላልኩም።»

ማታ ኢንስፔክተሯ ጅቡቲ ደወለች። ናጅዋ እስክትረጋጋ ጠበቀቻት።

«እሑድ እሑድ ሞተሩን አስነስተው ስልኩን ያስጠጉልኛል» አለች ናጅዋ። «የመኪናዬን ድምፅ ሰምቼ አረፍኩ እላቸዋለሁ። ከዚያ እናወራለን። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሠራሁት ወጥ፣ ስለ ምንም። እዚህ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ‹ሲስተር› ነው የሚሉኝ።»

«የትናንቱ እሑድስ?»

«በሰዓታቸው ደወሉ። ግን አልተናገሩም፤ ሞተሩ ብቻ ነበር። ሄሎ፣ ሄሎ ብል መልስ የለም፤ ኔትወርክ መሰለኝ። ድምፁ ደግሞ አምሮ ነበር። ዓመት ሙሉ ሲያስነጥሰው የነበረው ሞተር እንደ ድሮው ሆኖ። ተሠራ ብዬ ደስ አለኝና… ደስ ብሎኝ ዘጋሁት።»

«ባለፈው ዓመት ለምርመራ ማን ነበር የወሰዳት?»

«ልዑል። ጉዳይ አስፈጻሚው። የእሑድ ጥሪያችንንም ያውቃል። ዘንድሮ ግን ጋሼ ራሳቸው ይውሰዷት ብዬ ነበር።»

ልዑል ውጭ አገር ላሉ ሰዎች ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን የሚያሳድስ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። እሱም ኮሮላ ይነዳል። ሲጠየቅ አልተደናገጠም።

«እሑድ ከቀትር በፊት ጀምሮ ጀውሃ ከተማ ነበርኩ፤ በራሴ መኪና። ከነማን ጋር ምሳ እንደበላሁ ልንገርዎት? የተመለስኩት ሲመሽ ነው።»

«አያስፈልግም፤ አምንሃለሁ» አለችው ዓለምፀሐይ። እውነቷን ነበር።

ማክሰኞ ጧት ሁሉም በናጅዋ ግቢ ተሰበሰቡ፤ እትዬ እቴነሽ፣ ሙሀባ፣ ፈይሰል፣ ልዑልና የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ። በዛፉ ጥላ ሦስት ኮሮላዎች ቆመዋል፤ የናጅዋ፣ ልዑል ይዟት የመጣትና ከፈይሰል ጋራዥ የመጣች ታክሲ። የዓለምፀሐይ ስልክ ድምፁ ከፍ ብሎ ተከፍቷል። በዚያኛው ጫፍ ናጅዋ አለች።

«ጋሼ ደምሴ ለመሞት የሚዘጋጁ ሰው አልነበሩም» ብላ ጀመረች ዓለምፀሐይ። «ለመንገድ የሚዘጋጁ ሰው ነበሩ። ሲዘጋጁ የመኪናዋ ሞተር እንደተቀየረ አወቁ። ሞተር በየመንገዱ አይቀየርም፤ መኪናዋን ወስዶ ያሳደረ ሰው ያስፈልጋል። ጋሼ ያንን ሰው ሳይጠይቁ ስሙን ማንሳት አልፈለጉም። እሑድ ጧት መጣላቸው።»

ዓለምፀሐይ ወደ ሙሀባ አጥር አመለከተች።

«እትዬ ሙሀባ ሞተሩን የሰሙት ጧት ነው፤ ቤንዚኑን ጨርሶ ከቀትር በፊት ጠፋ። ናጅዋ ግን ሞተር የሰማችው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከጋሼ ስልክ። ያን ጊዜ እዚህ ግቢ ውስጥ የሚጮህ ሞተር አልነበረም። ስለዚህ ስልኩም እዚህ አልነበረም። ናጅዋ፣ ሞተሮች በተራ አስነሳለሁ። የማን እንደሆኑ አልነግርሽም።»

የናጅዋ መኪና ውስጥ ቤንዚን ጨምረው ነበር። ተነሳች፣ ተንተባተበች።

«ዓመት ሙሉ ሲያሳስበኝ የነበረው ይኼ ነው» አለ ስልኩ።

ታክሲዋ ተነሳች። «አላውቀውም።»

ሦስተኛው ተነሳ። ናጅዋ ስታለቅስ ተሰማ።

«የእሑዱ ነው። የኔ መኪና ይኼ ነው።»

ሁሉም ወደ ልዑል ዞረ።

«ሞተር ሁሉ አንድ ነው!» አለ ልዑል። «በስልክ ድምፅ ሰው ይወነጀላል እንዴ?»

«በድምፅ ብቻ አይወነጀልም። ፈይሰል፣ ኮፈኑን ክፈት። ቁጥሩን ጮክ ብለህ አንብብ።»

ፈይሰል ጎንበስ ብሎ አነበበ። ዓለምፀሐይ የናጅዋን ሊብሬ ለአስተዳዳሪው አቀበለቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን አኃዝ ተከታተሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ገጥሟል።

«ይህች መኪና እሑድ ጀውሃ እንደነበረች የነገርከኝ አንተ ነህ» አለችው። «የጋሼ ስልክም እዚያው ነበር። ለምን ደወልክ? የእሑድ ጥሪ ከቀረባት ናጅዋ ለአክስቷ እንደምትደውል ታውቃለህ፤ የጋራዡ በር ይከፈታል፣ ስልካቸው አንተ ኪስ እያለ አስከሬኑ ይገኛል። እሷን ዝም ማሰኘት ነበረብህ። ድምፃቸውን ማምጣት ስላልቻልክ የሞተር ድምፅ ሰጠሃት። ያጠገብህ ሞተር ግን የሰረቅኸው ነው። ሲመሽ ተመልሰህ ስልኩን ኪሳቸው ከተትክ።»

ልዑል ከመኪናው ጎን ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«መልሼ እገጥመዋለሁ፣ ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። ‹ልጅቱ በኔ ታምና ነው የሄደችው› ብለው ስልካቸውን አወጡ። ገፋኋቸው። ወደቁ። የሞቱ መስሎኝ ነው…»

«የሞተ ሰው በጭስ አይገደልም» አለች ዓለምፀሐይ ቀስ ብላ። «እንደሚተነፍሱ ስላወቅክ ነው መሪው ላይ አስቀምጠህ፣ ሞተሩን አስነስተህ በሩን የዘጋኸው።»

ፖሊሶች ልዑልን አንስተው ወሰዱት። ሙሀባ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። አስተዳዳሪው ወደ እትዬ እቴነሽ ተጠጉ።

«ዛሬ ከሰዓት ፍትሐት ይደረጋል። ካህናቱን እኔ ራሴ እጠራለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ እቴነሽ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሰው ነው የገደለው ስትዪ ደስ አለኝ» አሉ። «ወንድሜ ተገደለ ሲሉኝ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ያለ ደስታ አለ?»

«አለ፣ እትዬ» አለች ዓለምፀሐይ። ክንዳቸውን ያዘች።

ከሰኞ ጀምሮ አፍረው ያፈኑትን ልቅሶ እትዬ እቴነሽ እዚያው ግቢው መሀል ለቀቁት፤ ወንድማቸውን በስሙ እየጠሩ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ።