ዱጋሳን በቀትር ጠራሁት

ያልደረሰብኝን አልጽፍም። የፈለገ ይመን፣ ያልፈለገ ይተወው።

ሌሊት አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ ነበር... ቀትር። ቦታው ከየካ በላይ ያለው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫካ ነው። ዘመኑ 1957 ዓ.ም.፣ ወሩ የካቲት።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ተራራው ግርጌ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለአገር አቋራጭ ሩጫ ጋብዞን ከጉርድ ሾላ በጭነት መኪና ተነሣን።

የአጎቴ ልጅ ዱጋሳ አብሮኝ ነበር። ልንሄድ ስንል እናቱ ጂቱ እጄን ያዘችኝ።

"ኢቲቻ፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። አደራህን።"

"እመልሰዋለሁ፣ አክስቴ።"

ስንደርስ የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ጠበቁን።

"የጉርድ ሾላ በሬዎች መጡ! ቀንበራችሁን የት ጣላችሁት?"

"ለእናንተ ነው ያመጣነው!" አለ የእኛው ፀሐዬ። "ስትሸነፉ ትሸከሙታላችሁ።"

ዱጋሳ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

የስፖርት መምህራችን ጋሼ ከበበ አንድ ደንብ ነበራቸው። በአገር አቋራጭ የሚታየው የቡድኑ ውጤት ነው፤ ፈጣኑ ብቻውን ቢገባ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከፊት ያለው የኋለኛውን በስሙ ይጠራል። የኋለኛው "አለሁ!" ይላል። ዞሮ ማየት ግን ክልክል ነው። የዞረ አርጩሜ ይቀምሳል።

መነሻው አጠገብ አንዲት እንጨት ለቃሚ አሮጊት ሸክማቸውን አውርደው አረፍ ብለው ነበር። ጋሼ ከበበ ደንቡን ሲያስታውሱን ሰሙ።

"ጌታው፣" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እዚህ ጫካ ውስጥ በቀትር ሰው በስሙ አይጠራም።"

"እማማ፣ ይሄ ስፖርት ነው።"

አሮጊቷ ሸክማቸውን አንሥተው ቁልቁል ወረዱ... ወደ ኋላ ሳያዩ።

ፊሽካው ተነፋ።

ዳገቱ ወገብ ይቆርጣል። ፀሐዬና ሌሎቹ ቀድመውን ከዓይን ጠፉ። እኔና ዱጋሳ ቀረን። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ።

"ዱጋሳ!"

"አለሁ!"

ጥቂት ወጣን።

"ዱጋሳ!"

"አለሁ።"

ደህና። ግን... አያለከልክም።

እኔ ሳንባዬ ሊፈነዳ ደርሷል። እሱ ጥላ ሥር እንደተቀመጠ ሰው ነው የሚናገረው።

ደረቁ ቅጠል ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከኋላዬ... ምንም።

ልጠራው አፌን ከፈትኩ።

"አለሁ።"

ገና አልጠራሁትም ነበር።

ጆሮዬ ሥር ነው የመለሰልኝ። ትንፋሽ የለውም። ዞሬ ላየው ፈለግሁ፤ አንገቴ እምቢ አለኝ። እግሮቼ ብቻ ሮጡ።

ጫፉ ላይ፣ መመለሻው ጋ፣ ዳኛው አቶ ወልደሰንበት ቆመዋል።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከዱጋሳ ጋር... ከኋላዬ ነው።"

በትከሻዬ ላይ አሻግረው አዩ። ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

"ልጄ... ብቻህን ነው የመጣኸው።"

መመለሻው በመጣንበት መንገድ ነው። ቁልቁል በረርኩ።

ዱጋሳ ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ዛፍ ተደግፎ ተቀምጧል። ጋሼ ከበበ አጠገቡ ተንበርክከዋል።

"ምን ሆኖ ነው?"

"እንጃ። ዳገቱን ገና ሲጀምር ቁጭ አለ። አይናገርም።"

"ዱጋሳ!" አልኩት።

አየኝ። አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ... ድምፅ አልወጣም።

ዓይኑ እንባ ሞላ። ወደ ጫካው ጠቆመኝ።

ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሼ ከበበ ሁላችንንም ሰብስበው መኪናው ላይ ጫኑን።

ሞተሩ ሲነሣ ከጫካው ውስጥ ድምፅ መጣ። ጥርት ያለ፣ የዱጋሳ ድምፅ።

"ኧረ ጠብቁኝ እንጂ!"

ዱጋሳ አጠገቤ ነው። አፉ ዝግ ነው።

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። "ልጅ ቀርቷል!"

"ማንም አልቀረም!" አሉ ጋሼ ከበበ። "ንዳው! ንዳ ነው የምልህ!"

መኪናው እንደገና ከመንቀሳቀሱ በፊት ኋላው ረገብ አለ... ሰው ሲሳፈርበት እንደሚረግበው።

ዱጋሳ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀ።

እየተጨናነቅን ያን ቦታ የነካ የለም።

ጉርድ ሾላ ስንደርስ ጂቱ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ዱጋሳ ቀድሞ ዘለለና ወደ እሷ ሮጠ። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

"እማዬ!" አለ ድምፁ... ከመኪናው ላይ።

የጂቱ ፊት በራ።

"መጣህልኝ፣ የኔ ልጅ!"

"አክስቴ..." አልኩ።

ዱጋሳን እንደማታውቀው መንገደኛ በትከሻዋ ገፋ አድርጋ አለፈችው። እሱ ቀሚሷን ያዘ። አላየችውም። ሁለት እጇን መኪናው ላይ ወዳለው ወደዚያ ባዶ ቦታ ዘረጋች።

ክንዶቿ... ከባድ ነገር እንደተቀበለ ሰው ዝቅ አሉ።