የሰባተኛ «ለ» መዳፎች

የሥነ ጥበብ መምህሩ ሙሉብርሃን የሞተው፣ ከጀሶ የተሠራ አርባ ሁለት የልጆች መዳፍ በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ነው። የሸሚዙ ኮሌታ ተቀዷል፤ ማጅራቱ ከሲሚንቶው ገንዳ ጠርዝ ጋር ተላትሟል። ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉን ሊያጸዱ የገቡት የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ዘገዬ ጮኸው ሰው ጠሩ፤ ምስጋናቸውም ካቴና ሆነ። ቁልፍ ነበራቸው፤ ሐሙስ ዕለትም ተማሪዎቹ ወለሉን በጭቃ አበላሹት ብለው ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቀዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይኼ ነው።

ኢንስፔክተር አልጋነሽ ለሥራ ከሄደችበት ከደካ፣ ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ቦንጋ የተመለሰችው እሑድ ረፋድ ላይ፣ በዝናብ ነበር። ሽማግሌው ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። በችኮላ የታሰረ ሰው ነገር ሁልጊዜ ያንገበግባታል።

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?» አለች።

«ሦስት ነን» አለች ክፍሉን ከሟቹ ጋር የምትጋራው የሳይንስ መምህርት አስማ። «እኔ፣ ጋሽ ዘገዬና ምክትል ርዕሰ መምህሩ።»

«እነዚህ መዳፎች እንዴት ነው የሚሠሩት?»

«ልጆቹ እጃቸውን እርጥብ ሸክላ ላይ ይጫናሉ፤ ቅርጹ ላይ ጀሶ ይፈስበታል። ከተሠሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ማክሰኞ ለወላጆች ሊያሳያቸው ነበር፣ ምስኪን!» እንባዋ መጣ።

ምክትሉ ኤርምያስ ግን አላለቀሰም። የተማሪዎች ሥነ ሥርዓት ኃላፊም እሱ ነው።

«ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ክፍሉን አልረገጥኩም። ጋሽ ዘገዬ እኮ ቁጡ ናቸው።»

አልጋነሽ መዳፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ደረቅና ቀላል ናቸው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግን አንዱ ቀዘቀዛት፤ አንሥታ ብትመዝነው ከበዳት። ግድግዳው ላይ ከሥሩ የተጻፈውን ስም አነበበች። ከታችኛው ረድፍ ሌላ መዳፍ ፊትም ብዙ ቆየች፤ ከዚያ አንዲት ተማሪ ከእናቷ ጋር እንድትጠራ አዘዘች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም እዚያው ክፍል ተሰበሰቡ፤ ጋሽ ዘገዬም ከነካቴናቸው መጡ። አልጋነሽ ከባዱን መዳፍ ለተጠራችው ልጅ ሰጠቻት።

«ኑኃሚን፣ እጅሽን አጠገቡ አድርጊው እስቲ።»

ልጅቷ አደረገች። የጀሶው የቀለበት ጣት ቀጥ ያለ ነው፤ የእሷ ወደ ጎን ታጥፏል።

«ይኼ የኔ አይደለም። የኔው ጠማማ ነበር። መምህር ሙሌ ‹እንዳለ ይሁን› ብሎኝ ነበር።»

«ጣትሽን ምን ነካው?»

ኑኃሚን አንገቷን ደፋች። «ምክትሉ… በዱላ።»

«ወድቄ ነው አላልሽኝም?» አሉ እናቷ።

«ገዳዩ ያንን ጣት ወላጅ እንዲያየው አልፈለገም» አለች አልጋነሽ። «መዳፉ ይውረድ አለ፤ ሙሉብርሃን እምቢ አለ፤ ኮሌታውን ይዞ ገፋው። መዳፉን ሲወስድ ስሟ ባዶ ግድግዳ ላይ ቀረ። ስለዚህ ዓርብ ሌሊቱን ቤቱ ሌላ ሠርቶ፣ በቁልፉ ተመልሶ ገብቶ ሰቀለ። በዚህ ዝናብ ግን ጀሶ በሁለት ቀን አይደርቅም፤ ይኼኛው የቀዘቀዘውና የከበደው ለዚያ ነው። ለመሥራትም የልጅ እጅ ያስፈልጋል። ጋሽ ዘገዬ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ አስማም ልጅ የላትም። ከአውራ ጣቱ ሥር ያለውን ጠባሳ እዩት። አሁን ደግሞ ታች የተሰቀለውን እዩ። ጠባሳው ያው ነው፤ አንድ እጅ በሁለት ስም ተሰቅሏል።»

አስማ ጎንበስ ብላ የታችኛውን ስም አነበበች። «ሶሲ ኤርምያስ» ይላል።

ኤርምያስ የተማሪ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። «ልገድለው አላሰብኩም… ልጄን ለኤግዚቢሽን ነው አልኳት። እጇን ሸክላው ላይ ስጫነው ‹አባዬ፣ ቀስ፣ አመመኝ› አለችኝ።»

አልጋነሽ ካቴናውን ከሽማግሌው እጅ ፈትታ እሱ ላይ አሰረችው። ጋሽ ዘገዬ አንጓቸውን አሹ።

ኑኃሚን ግን ወደ ኤርምያስ ቀረበች። «የኔውስ እጅ የት አለ?»

«ሰበርኩት» አላት።

ልጅቷ ጠማማ ጣቷን ጨብጣ ለአፍታ አየችው። ከዚያ እናቷን ይዛ ወጣች።