ሚኤሳ ላይ የተላከከው ሞት

የኦቦ ዳዲ አስከሬን ሰበታ ጤና ጣቢያ ተጋድሞ ሳለ፣ የሰፈሩ ሰው የቅጠል መድኃኒት ሻጩን የገብረየስን ቤት ሊያቃጥል ተሰብስቦ ነበር።

ጊዜው ታኅሣሥ 2008 ነው። «ማስተር ፕላኑ መሬታችንን ሊበላ ነው» ያለው ወጣት የጅማን መንገድ በድንጋይ ዘግቶታል። ኢንስፔክተር ኤቢሴ ከዓለም ገና በእግሯ ስትመጣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ልብሷ ድረስ ዘልቋል። መጀመሪያ የሄደችው ወደ አስከሬኑ ነበር።

«ሲመጡ ምን ይመስሉ ነበር?» ብላ ነርሷን መብሩካን ጠየቀቻት።

«አፋቸው አረፋ ይደፍቃል፤ ላብ አጥምቋቸዋል፤ ጡንቻቸው ይርገበገባል። የዓይናቸው ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሎ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ አለፉ።»

ኤቢሴ ወደ ሟቹ ሸሚዝ ጎንበስ አለች። ከደረቀው ትውከት የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ቅርናት ወጣ። ደግማ አሸተተችው፤ ይህን ሽታ ባለፈው ሳምንት በተዘረፈው የአበባ እርሻ መጋዘንም አሽትታዋለች።

ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሟቹ ታናሽ ወንድም ጂሬኛ ጥቁር ማንቆርቆሪያ ይዞ ለሚመጣው ሁሉ እየከፈተ ያሳያል። በሰልፉ ፊት ለፊት የሚጮኸው እሱ ነው፤ ወጣቶቹ ይሰሙታል።

«ይኸውልሽ ኢንስፔክተር፤ ወንድሜን የገደለው!» አላት እንባውን እየጠረገ። «ገብረየስ የሚኤሳን ዛፍ ፍሬ አፍልቶ አጠጣው። ቀይ ፍሬውን ተመልከቺ፤ መርዝ ነው!»

ኤቢሴ ወደ ውስጥ አየች። በቀዘቀዘው ሻይ ላይ ቀያይ ፍሬዎች ተንሳፍፈዋል። አንዱን አውጥታ በጣቷ ጫነችው፤ ጠንካራ ነው፣ ቆዳው አልተሰነጠቀም።

«ማንቆርቆሪያውን ማን አቆየው?»

«እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ ወንድሜን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሮጥ ቤቱን የጠበቅሁት እኔ ነኝ።»

«ከሻይው ጠጥተዋል፣ ኦቦ ጂሬኛ?»

«እኔ? አልጠጣሁም።»

«ፍሬው ከየት የተለቀመ ይመስልዎታል?»

«ከገብረየስ ዛፍ ነዋ! ሌላው ሚኤሳ ያለው ወንዙ ዳር ነው። እዚያ ደግሞ የመሬት መለኪያ ችካል ከተተከለ ወዲህ እግሬ ረግጦ አያውቅም።»

የሟቹ ሚስት አዴ ገለቴ ጓዳ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ኤቢሴ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ ከዚያ ሻይ ማን ማን ጠጣ?»

«ከጂሬኛ በስተቀር ሁላችንም ልጄ። ዳዲ ሆዱን ነፍቶት ስለነበር ገብረየስ የሚኤሳ ቅጠል ይዞ መጣ። ራሱም ጠጣ፣ እኔም ጠጣሁ። ይኸው ምንም አልሆንኩ።»

«ከአንድ ማንቆርቆሪያ?»

«ከአንዱ። ዳዲ ብቻ መራራ አይወድም፤ ማር ጨመረበት።»

ማሩ መደርደሪያው ላይ ነበር። ኤቢሴ ክዳኑን ስታነሳ ያው ቅርናት ፊቷን መታት። በማሰሮው አፍ ዙሪያ ጉንዳኖች በጅምላ ሞተው ተለጥፈዋል፤ አንድ ዝንብ ማሩ ላይ በጀርባው ወድቆ ደርቋል።

«ማሩን ማን ነው ያመጣው?»

«ወንዳፍራሽ የሚባለው የመሬት ደላላ፤ ሊለማመጠን። ከመጣ ሰንብቷል፤ ዳዲ በየቀኑ ይበላው ነበር።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዳዲ ለእሁዱ የሰፈር ስብሰባ የምናገረው አለኝ ብሎኝ ነበር። ምንድን ነው ብለው፣ ‹አፍሬያለሁ ገለቴ፣ አትጠይቂኝ› አለኝ።»

ገብረየስ ቤቱን ቆልፎ ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ ለኤቢሴ ከፈተላት። ከወሎ መጥቶ ብዙ ዘመን የኖረ፣ የመድኃኒት ቅጠል የሚሸጥ ሽማግሌ ነው። በግቢው ክረምት ከበጋ የማይረግፍ ረጅም ሚኤሳ ቆሟል። ኤቢሴ ዛፉን ዞራ ቅርንጫፉን ሁሉ አየች፤ አንድም ፍሬ የለበትም።

«ፍሬውስ?»

«ይኼ ወንዱ ነው ልጄ፤ ያብባል እንጂ አያፈራም። የምታፈራዋ ወንዙ ዳር በእነ ዳዲ አባቶች መቃብር አጠገብ ያለችው ናት። ፍሬዋ ያስመልሳል፤ ስለዚህ እሷን አልነካም። ቅጠሉንም ቢሆን ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አልሰጥም፤ ለትልቅ ሰውም ጥቂት ነው።»

ወደ ለቅሶው ድንኳን ስትመለስ ደላላው ወንዳፍራሽ ጥግ ይዞ ተቀምጦ አገኘችው። ወደ ጆሮው ተጠግታ የወንዙን ዳር መሬት ማን እንዳሳየው ጠየቀችው። ፊቱ ጠቆረ፤ ግራ ቀኙን አይቶ የሰውየውን ስም በሹክሹክታ ነገራት። ኤቢሴ እጇን ከትከሻው ላይ በፍጥነት አነሳች።

ሽማግሌዎቹን፣ ገለቴን፣ ጂሬኛን፣ ወንዳፍራሽን ሰበሰበች፤ ገብረየስንም ሁለት ፖሊስ አጅበው አመጡት። ወጣቶቹ ድንኳኑን ከበቡ።

«ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ስሙኝ» አለች። «ሻይውን ሦስት ሰው ጠጥቷል፤ የሞተው አንድ ነው። እሱ የጨመረው ማር ነው። ማሩን የላሱት ጉንዳኖች አልቀዋል። የሚሸተውም ባለፈው ሳምንት በሰልፉ ግርግር ከአበባ እርሻው መጋዘን የተዘረፈው ፀረ ተባይ ነው። አረፋውም፣ የብሌናቸው መጥበብም የዚያው ምልክት ነው። የሚኤሳ ፍሬ ሆድ ይገለብጣል እንጂ እንዲህ አያደርግም።»

«ማሩ የወንዳፍራሽ ነው!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«ወንዳፍራሽ ማሩን ካመጣ ሰንብቷል፤ ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት አልደረሰም። ኦቦ ዳዲ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ በሰላም ሲበሉት ነበር። ስለዚህ መርዙ የተጨመረው በዕለቱ ነው፣ ቤት ውስጥ በነበረ ሰው።» ማንቆርቆሪያውን አነሳች። «ይኼ ፍሬ አልፈላም። ፈልቶ ቢሆን ይፈርስ ነበር። ሻይው ከቀዘቀዘ በኋላ የተጣለ ነው። ያኔ ገለቴና ገብረየስ በሽተኛውን ይዘው መንገድ ላይ ናቸው። ቤቱን የጠበቀው ማነው?»

ሁሉም ወደ ጂሬኛ ዞሩ።

«የገብረየስ ዛፍ አያፈራም» ቀጠለች። «ፍሬው የመጣው ከወንዙ ዳር ነው። ኦቦ ጂሬኛ፣ ኮትዎን ያውልቁ።»

ከጎን ኪሱ ስፌት ውስጥ የተጨፈለቀ ቀይ ፍሬ ከቅጠሉ ጋር ወጣ።

«ለምን ወንድሜን እገድላለሁ?» አለ ጂሬኛ። ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር።

«ወንዳፍራሽ፣ የነገርከኝን ድገመው።»

ደላላው መሬት መሬት እያየ፣ «የአባቶቻቸውን መቃብር ሊሸጥ መርቶ ያሳየኝ፣ ችካሉንም አብሮኝ የተከለ ጂሬኛ ነው። ኦቦ ዳዲ ደርሰው አዩን» አለ።

ትናንት በጂሬኛ ትእዛዝ ድንጋይ ሲያንከባልሉ የዋሉት ወጣቶች የቆሸሸ ነገር እንደነካ ሰው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

«መሬቱ እንደሆነ አይቀርልንም!» አለ ጂሬኛ በድንገት። «ዛሬ ባልሸጠው ነገ በነፃ ይወስዱት ነበር። እሱ ግን በእሁዱ ስብሰባ ሊያዋርደኝ ፈለገ!»

አዴ ገለቴ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ሲጠጣ ፊት ለፊቱ ተቀምጠህ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ምንም አላለህም?»

ጂሬኛ ከንፈሩን በምላሱ አርሶ፣ «‹ማሩ ጥሩ ነው፣ አንተም ቅመስ› አለኝ» አለ።

«አንተስ ምን አልከው?»

«ጾሜን አልፈታሁም አልኩት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊታቸውን አዙረው ተፉ። ኤቢሴ ካቴናውን ስታስርለት አንጓው ሞቃትና ላብ ያራሰው ነበር። ወጣቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ማንም አልጮኸበትም፤ ልብሱ እንዳይነካቸው ብቻ ወደ ኋላ ሸሹ።